የሰገን ጣሳ

ወረታ፣ ሚያዝያ 24

ለውድ አባቴ ለመሪጌታ ተክለ ሃይማኖት፤

በወረቀቱ ጥግ ላይ ስላለው የጭቃ ጣት ይቅር ይበሉኝ። የእኔ አይደለም፤ የሰባት ዓመት ልጅ ጣት ነው። በሌላ ወረቀት ልገለብጠው ብዬ ነበር። በኋላ ግን የማወራልዎት ነገር ግማሹ ይኸው ጣት ነው ብዬ ተውሁት።

እናቴ እንዴት ናት? ጉልበቷ ተሻላት? እርስዎስ እንዴት ሰነበቱ? ስልክ አልይዝም በማለትዎ ድሮ እናደድ ነበር፤ ዛሬ ግን ደስ አለኝ። ይህን በስልክ ብነግርዎት እየጮህሁ ነበር የምነግርዎት።

«ከፋሲካ ወዲህ ምን ውጦሽ ነው ዝም ያልሽው?» ብለው ለጠየቁኝ፣ የዋጠኝ ክፍሌ ነው። ሜዳው ላይ ባለችው ትምህርት ቤታችን ሁለተኛ ክፍል እንደማስተምር ያውቃሉ። ባለፈው ሳምንት «ዘር ለመብቀል ውኃ፣ አየርና ሙቀት ያስፈልገዋል» እያልሁ ሳስደግማቸው፣ እነሱም በዜማ ሲመልሱልኝ፣ ሰገን የምትባል ልጅ እጇን አወጣች።

«እትዬ፣ ዘሩ ግን ውኃ መምጣቱን በምን ያውቃል?»

አባቴ፣ ክፍሉ ሁሉ ዞሮ እኔን ያያል። «አላውቅም። እስቲ ዘሩን ራሱን እንጠይቀው» አልሁ። እንዲህ ማለቴን እስካሁን አላምንም።

በማግሥቱ ሁሉም ከየቤቱ ለዘር ከተቀመጠው ሩዝ ጭብጥ አድርጎ፣ ባዶ የቲማቲም ጣሳም ይዞ መጣ። ከጣሳው ሥር ጭቃ፣ በላዩ እርጥብ ጨርቅ፣ በጨርቁ ላይ ሩዙን ከነገለባው አደረግን። አንዱን ጣሳ ጭቃም እርጥብ ጨርቅም ሳናደርግበት ያለ ውኃ ተውነው። አንዱን ደግሞ ካርቶን ውስጥ ከትተን ጨለማ አደረግንበት። «ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» ብል ማናዬ የሚባለው ልጅ «ጨለማ ውስጥ ያለው ይፈራል፤ አይበቅልም» አለ። ግማሹ ክፍል ተስማማ፤ ግማሹ ሳቀበት። አሁን ጣሳዎቹ መስኮቱ ላይ ተደርድረዋል። እነሱም እኔም እንቅልፍ የለንም።

ይህን የሚያደርስልዎት አንለይ ነው፤ ወደ እናንተ የሚመላለሰው የሚኒባስ ሾፌር። መልስዎንም ለእሱ ይስጡልኝ።

ልጅዎ አምሳል

*

አንበሳሜ፣ ሚያዝያ 29

ልጄ አምሳል፤

ሰላመ እግዚአብሔር አይለይሽ። እናትሽ ደኅና ናት፤ ጉልበቷም ጠበሉ ከያዘላት ወዲህ ቀለል ብሏታል። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አንብበንላታል። ሁለተኛውን የፈለግሁት እኔ ነኝ፤ ለእሷ ግን አልነገርኋትም።

አሁን ጥያቄዎች አሉኝ። እኔ ልጅ የሚማረው በጆሮው ነው ስል ኖሬ ሸምግያለሁ። ሕፃን ቃሉን አጥርቶ ይይዛል፤ ትርጓሜው ሲያድግ ይደርስበታል። አንቺንም ያስተማርሁሽ እንዲሁ ነው። እነዚህ ልጆች ጣሳ ሲያዩ ውለው ፊደላቸውን መቼ ይቆጥራሉ? ደግሞ እህል ክቡር ነው፤ ለዘር የተቀመጠ እህል ከሁሉ ይልቅ ክቡር ነው። ይህን ጭቃ ላይ ለማስጣል የማንን ፈቃድ አገኘሽ?

ከወላጆች ወገን ቅር ያለው የለም ወይ? ካለ ስሙን ሳትደብቂ ጻፊልኝ። ርእሰ መምህሩስ ምን ይላል? «ሁሉም ሰላም ነው» ብለሽ እንዳታልፊኝ። እንዲህ ስትዪኝ ሰላም እንዳልሆነ ከልጅነትሽ ጀምሮ አውቃለሁ።

ያ የጨለማው ጣሳ ነገር ምን ላይ ደረሰ?

አባትሽ

*

ወረታ፣ ግንቦት 9

ለውድ አባቴ፤

መልሱን ያዘገየሁት ንቄዎት አይደለም፤ እጄ አልጽፍ ብሎኝ ነው። መጀመሪያ ደስታውን ላውራልዎት።

ሰኞ ጠዋት ገና በሩን ስከፍት ልጆቹ በክንዴ ሥር ሾልከው ወደ መስኮቱ ሮጡ። ከዚያ የተነሣውን ጩኸት ሰምተው የጎረቤት ክፍል መምህራን እባብ የገባብን መስሏቸው ዱላ ይዘው መጡ። በቅሏል! ከየገለባው ጫፍ ነጭ፣ ከመርፌ የቀጠነ ነገር ብቅ ብሏል። ማናዬ ካርቶኑን ከፍቶ «አልፈራም! እትዬ፣ አልፈራም!» እያለ ግቢውን ዞረ። በጨለማ የነበረው እንዲያውም ከሁሉ ረዝሞ፣ ቢጫ ሆኖ፣ አንገቱን እያሰገገ ነበር። ውኃ ያልጠጣው ጣሳ እንደነበረ ነው። «ይኼ ገና ተኝቷል» አሉ፤ ሲያነሡት ሲያስቀምጡት እንዳይቀሰቅሱት እየተጠነቀቁ።

ስለ ፊደሉ አይሥጉ። በየጣሳው ላይ ስም ተጽፏል፤ ስሙን አጥርቶ ያልጻፈ ጣሳውን አያገኝም። «ሠ»ን ከ«ሰ» ለይቶ የማያውቅ የነበረ ልጅ አሁን የጓደኞቹን ስም ሁሉ ያነባል። እህሉም አልባከነም፤ የጎነቆለውን በግቢው ቦይ ዳር ተክለነዋል።

አሁን የቀረው። ቅር ያላቸው አንድ ሰው አሉ። አቶ ማረው ይባላሉ፤ የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ የሰገንም አባት። በወላጆች ስብሰባ ተነሥተው «ጭቃ ለማቡካትማ ከሆነ እቤታችን ጭቃ ሞልቶልናል» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ለመሳቅ ሞክሬ አቃተኝ። ርእሰ መምህራችን በእውቀቱ ይባላል፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጭቅጭቅ ግን አይወድም። ጣሳዎቹን በወሩ መጨረሻ እንዳነሣ ነገረኝ።

ከዚህ የባሰው ሌላ ነው። በዚያ ሰኞ ካጠጣናቸው ጣሳዎች ውስጥ የሰገን ብቻ አልበቀለም።

ልጅቱ አላለቀሰችም። ጣሳዋን ወደ ብርሃን አዙራ አየችውና «የኔን ሳናጠጣው ቀርተን ይሆናል» አለች። ማናዬ «ጣሳው ነው ክፉው» አለ። «ታዲያ ምን ብናደርግ እናውቃለን?» አልኋቸው። ተከራከሩ፤ ተጯጯሁ። በመጨረሻ ሰገን ራሷ ተነሣችና «ከየቤታችን ሌላ ዘር እናምጣና የኔን በማናዬ ጣሳ፣ የማናዬን በኔ ጣሳ እናድርግ። ክፉው ጣሳው ከሆነ የማናዬ ዘር ሳይበቅል ይቀራል፤ ዘሩ ከሆነ የኔ ይቀራል» አለች። አባቴ፣ የሰባት ዓመት ልጅ እኮ ናት! ሰሌዳውን የምጠርግ መስዬ ዞሬ ዓይኔን ጠረግሁ።

ትናንት አየነው። በሰገን ጣሳ የማናዬ ዘር ቀጥ ብሎ ቆሟል። በማናዬ ጣሳ የሰገን ዘር ከአንዲት ፍሬ በቀር ዝም ብሏል። ልጆቹ መልስ አገኘን ብለው ጨፈሩ። ሰገንም አብራ ጨፈረች።

መልሱ ምን ማለት እንደሆነ የገባው ለእኔ ብቻ ነው። ያ ዘር ከአቶ ማረው ጎታ የወጣ ነው። ማሳቸውን አለስልሰው ዝናብ እየጠበቁ ናቸው። ዓምና ጎርፍ የጎዳቸው ጎረቤቶቻቸውም ዘንድሮ የሚዘሩትን ከዚያው ጎታ ሊወስዱ ተስማምተዋል። ብናገር «በስብሰባው ለተናገርኋት ተበቀለችኝ» ይሉኛል። ዝም ብል ሜዳው ላይ የሚበተነው የሞተ እህል ነው።

ምን ላድርግ?

ልጅዎ አምሳል

*

አንበሳሜ፣ ግንቦት 12

ልጄ፤

ሰላምታውን ለሌላ ቀን አቆይተነዋል፤ አንለይ ቆሞ ይጠብቃል።

ዝም አትበዪ። በሰው ፊትም አትናገሪ። ወደ ቤቱ ሂጂ። ሁለቱንም ጣሳ ይዘሽ ሂጂ፤ የበቀለውንም ያልበቀለውንም። ሕፃኒቱ የአባቷ ከሳሽ እንዳትመስል ከእናቷ አጠገብ ትሁን። «ዘርዎ ሞቷል» እንዳትዪው። «እስቲ እርስዎ በእጅዎ ይሞክሩት» በዪው። ሲቆጣ ጆሮውን መጎተት ይጀምራል፤ ያኔ አፍሽን ዝጊ። እጁ ከጆሮው ሲወርድ ነው የሚሰማሽ።

ለርእሰ መምህሩ ደግሞ ጣሳዎቹ ጥቂት ይቆዩ ብለሽ ለምኚው። በእኔ ስም ቢሆን ግድ የለም።

የጨለማው ለምን ረዘመ? እናትሽ ናት የምትጠይቅሽ።

አባትሽ

*

ወረታ፣ ግንቦት 18

ለውድ አባቴ፤

እንዳሉኝ አደረግሁ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጣሳዎቹን በዘንቢል ይዤ ሄድሁ። አቶ ማረው ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ሞፈር ይጠርባሉ።

«ደግሞ ምን ይዘሽ መጣሽ?»

«የልጆቹን ሥራ ላሳይዎት ነው።»

ሁለቱን ጣሳ ከፊታቸው አስቀመጥሁ። መጥረቢያውን ሳይለቁ ጎንበስ ብለው አዩ። «ይኼኛው ምን ሆኖ ነው?»

«ከዚህ ቤት የመጣው ነው። ሁለት ጊዜ ሞከርነው። እኔ እንዲህ ነው ብዬ አልደመድምም፤ እስቲ እርስዎ በእጅዎ ይሞክሩት።»

መጥረቢያውን ጣሉና ተነሡ። እጃቸው ወደ ጆሯቸው ሲሄድ አየሁ፤ አፌን ዘጋሁ።

«ከሰው ሁሉ የኔ ዘር ታየሽ? ጎረቤቴ ከኔ ጎታ ሊወስድ ቀጠሮ ይዞ እያለ? ነገ ገበያ ላይ ማረው የሞተ እህል ያድላል ልታስብዪኝ ነው? ይኼ ነው ትምህርትሽ?»

ጣሳውን በእግራቸው መቱት። እየተንከባለለ ሄደ፤ ሰገን ከእናቷ ጉያ አምልጣ ሮጣ ያዘችው።

«አባ፣ አትምታው! እሱ ምን አጠፋ?»

ባለቤታቸው ይታይሽ መጣችና ከልጇ እጅ ጣሳውን ተቀበለች። ጥቂት ፍሬ አንሥታ በጥፍሯ ሰንጥቃ አሸተተችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ «ይኼማ ብቅል ማብቀል ነው። ለገብሱ የማደርገውን ለሩዙ ማድረግ ምን ያቅተኛል?» አለችና ቁና አንሥታ ወደ ጎታው ገባች።

አባቴ፣ ስንት ቀን መጽሐፍ ሳገላብጥ ከርሜ ብቅል አንድም ቀን ትዝ አላለኝም! እያንዳንዱ እናት ቤት ያለውን ነገር! ከክፍሉ ልጆች ግማሾቹ እናታቸው ገብስ ነክራ በቅጠል ስትሸፍን እያዩ ነው ያደጉት። ሰኞ ስጠይቃቸው አንድ በአንድ እየተነሡ ስለ ብቅል ሲያስተምሩኝ ዋሉ።

አቶ ማረው ግን ያኔ ሳይሰናበቱኝ ወደ በሬዎቻቸው ሄዱ። ዝናቡ ጀምሯል። ይታይሽ ያየችውን ገና አልሰማሁም። በእውቀቱ ስለ እርስዎ ሲል ጣሳዎቹ ይቆዩ ብሏል።

የጨለማው የረዘመው ብርሃን ፍለጋ ነው፤ ለእናቴ ይንገሩልኝ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅዎት። አቶ ማረው ሲቆጡ ጆሯቸውን እንደሚጎትቱ ማን ነገረዎት? እኔ አልጻፍሁልዎትም።

ልጅዎ አምሳል

*

አንበሳሜ፣ ግንቦት 22

ልጄ አምሳል፤

ያዝሽኝ።

ማረው የእናቱ አገር እዚህ ነው። በልጅነቱ እኔ ዘንድ ዳዊት ደግሟል። ንባብ በሳተ ቁጥር ጆሮውን የምጎትተው እኔ ነበርሁ። አሁን የሚጎትትለት ሲያጣ ራሱ ይጎትተዋል መሰለኝ። እናትሽ ይህን ስነግራት እስክታለቅስ ሳቀች።

የመጀመሪያው ደብዳቤሽ በደረሰ ማግሥት መጥቶ ነበር። ከሩዙ አንድ ቁና ይዞልኝ መጣና «የኔታ፣ ልጅዎን ይገሥጹልኝ፤ ልጄን ጭቃ እያስቦካች ነው» አለኝ። እሺ አልሁት። ያ ብዙ ጥያቄ ያለበት ደብዳቤ የግሣጼው መግቢያ ነበር። ዋናውን በሚቀጥለው ልጽፍልሽ አስቤ ሳለሁ የሰገን ነገር መጣ፤ ጣሳ ለጣሳ ማለዋወጧ። ግሣጼው ጠፋብኝ።

በዚያው ዕለት ማረው ካመጣልኝ ሩዝ ጭብጥ ወስጄ እርጥብ ጨርቅ ላይ አደረግሁ፤ ከሌላ ሰው የለመንሁትን ደግሞ አጠገቡ። እናትሽ ምን እንደማደርግ ስትጠይቀኝ «ምንም» አልኋት። ትናንት ገለጥሁት። የሌላው ሰው በቅሏል። የማረው የለም።

ለእሱ አልጻፍሁለትም። እኔ ብጽፍለት «የኔታ ብለዋል» ብሎ ያምናል። ማመኑን አይደለም የምፈልገው፤ እንዲያይ ነው። አንቺም በእኔ ቃል ተደግፈሽ እንድትሄጂ አልፈለግሁም፤ በልጆቹ ሥራ ሄደሻል፤ እሱ ይበልጣል።

የሆነውን ቶሎ ጻፊልኝ። አንለይን በየቀኑ እየጠበቅሁ የሚኒባሱ ሰዎች ታዝበውኛል።

አባትሽ

*

ወረታ፣ ሰኔ 20

ለውድ አባቴ፤

ይህን ያህል ቀን ሳልጽፍ በመቅረቴ ቢቆጡ ያምርብዎታል። ግን የሆነው ሁሉ ፍጻሜው ሳይታይ ልነግርዎት ፈራሁ። አሁን ታይቷል!

ጉብኝቴ ሳምንት ካለፈው በኋላ አንድ ጠዋት ትምህርት ልጀምር ስል በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። አቶ ማረው ናቸው። ይታይሽ ከኋላቸው በቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ልጆቹ ተነሥተው ቆሙ።

«ተቀመጡ» አሏቸው፤ ከዚያ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ልጆቹ ነው የተናገሩት። «የሰገን እናት ሞከረችው። አላመንኋትም። ራሴ ከጎታው ሥር፣ ከመሐሉም፣ ከላዩም ወስጄ ሞከርሁት። ዘሩ ሞቷል።»

ሰገን እጇን አወጣች። አባቷን እንደ ሌላ እንግዳ እጅ አውጥታ ነው የጠየቀቻቸው! «ለምን ሞተ?»

«እሱን እኔም ስፈልግ ነው የሰነበትሁ» አሉ። ባለፈው ኅዳር አውድማ ላይ እያለ ያልታሰበ ዝናብ መትቶት ነበር። የደረቀ መስሏቸው ጎታ አገቡት። አሁን እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ቢያስገቡ መሐሉ ሻግቶ፣ ተያይዞ፣ ለብ ብሎ አገኙት። «ከላይ ሲያዩት ወርቅ ነው» አሉ። ይታይሽ ክንዳቸውን ያዘች።

ከዚያ «ከእናንተ ውስጥ ጥሩ የበቀለለት ማነው?» ብለው ጠየቁ። ሃያ ጣት ወደ ማናዬ ተቀሰረ። ማናዬ የሚገባበት ጠፋው። በዚያው ቀን ማታ አቶ ማረው ወደ ማናዬ አባት ወደ አቶ ባየህ ቤት ሄደው ዘር ለመኑ፤ በሚቀጥለው መኸር ሊመልሱ ተስማሙ። ከእሳቸው ጎታ ሊወስዱ የነበሩትን ጎረቤቶችም አንድ በአንድ በየደጃቸው እየዞሩ ራሳቸው ነገሯቸው። ገበያ ላይ ወሬው ሊነሣ ሲል ከእሳቸው አፍ ወጥቶ አልቆ ነበር፤ የሳቀባቸው የለም።

ከዚያ ወዲህ ክፍሌን ቢያዩት! ሰው ሳይዘራ በፊት ዘሩን በጨርቅ ጫፍ ቋጥሮ ይመጣል። ልጆቹ ይቀበላሉ፤ የባለቤቱን ስም በጣሳው ላይ ይጽፋሉ፤ ያጠጣሉ። ጢማቸው የሸበተ አባቶች በር ላይ ቆመው «የኔስ?» ይላሉ። አቶ ባየህ ራሳቸው ሁለተኛ ሊያስሞክሩ መጥተው ጨርቁን ሊገልጡት ሲሉ ሰገን «ገና ነው! አይንኩት!» ብላ ብትጮህባቸው እጃቸውን እንደ ተማሪ ወደ ኋላ አደረጉ። በእውቀቱም የእናቱን በቆሎ በኪሱ አምጥቶ «ማንም ሳያይ» ብሎ ሰጠኝ። ልጆቹ አይተውታል፤ ስሙን በትልቁ ጻፉበት።

አቶ ማረው ይቅርታ አላሉኝም። ቅዳሜ ግን ሳንቃና ሚስማር ይዘው መጥተው ከመስኮቱ እስከ ጥቁር ሰሌዳው ድረስ መደርደሪያ መቱ። ሲጨርሱ በእጃቸው ገፋ ገፋ አድርገው ፈተኑት። «ይችላል» ብለው ወጡ።

ትናንት ከልጆቹ ጋር ወደ አቶ ማረው ማሳ ወረድን። ሜዳው ውኃ አዝሏል፤ ጫማችንን አውልቀን በድንበሩ ሄድን። አረንጓዴ ነው፣ አባቴ! ገና ጣት የማታህል ቡቃያ ናት፤ ግን ከዳር እስከ ዳር ሞልታለች። ልጆቹ ሲያዩአት እንደዚያ ሰኞ ጠዋት ጮኹ። አቶ ማረውም ወዲያ ማዶ ቆመው ነበር፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያወዛወዙልን መሰለኝ። እኔም ጮኽሁ፤ መምህርት ነኝ ብዬ አልተውሁትም።

ልጅዎ አምሳል

*

አንበሳሜ፣ ሰኔ 27

ልጄ አምሳል፤

እግዚአብሔር ይመስገን። ደብዳቤሽን ለእናትሽ፣ ለተማሪዎቼ፣ ለቄሰ ገበዙም አንብቤላቸዋለሁ፤ አንለይ እንኳ ጥሩምባውን ትቶ ቁጭ ብሎ ሰማ። ማረው በየደጁ መዞሩን ደግሜ አነበብሁላቸው። ያን ልጅ ጆሮውን ከመጎተት ሌላም ነገር ሳላስተምረው አልቀረሁም ብዬ ተጽናናሁ።

አሁን አዲስ ነገር ልንገርሽ። በብርጭቆ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ አድርጌ በጨርቁና በብርጭቆው መካከል አንዲት ባቄላ አስገባሁ፤ በጎን በኩል እንድትታየኝ። ሥሯ ወጣ፤ ወደ ታች ሄደ። መልካም። ብርጭቆውን ገለበጥሁት፤ ሥሯ ወደ ሰማይ ሆነ። በማግሥቱ ባየው ጎብጦ ወደ ታች ዞሯል። ገፋሁበትና ደግሜ ገለበጥሁት። ደግሞ ዞረ! አሁን እንደ እባብ የተጠማዘዘ ሥር ነው ያለኝ፤ ጫፉ ግን ምንጊዜም ወደ መሬት ነው። ካርቶን ውስጥ ከትቼ በጨለማም ሞከርሁት፤ በጨለማም አይሳሳትም።

ተማሪዎቼ ከበውኛል። «የኔታ፣ ታች ወዴት እንደሆነ ማን ነገረው?» ይሉኛል። እኔ መልስ ሳላስይዝ ተማሪ አሰናብቼ አላውቅም። ዛሬ ግን «አላውቅም፤ ነገ በማለዳ መጥታችሁ እዩ» አልኋቸው። እንዴት ያለ ደስታ እንደተሰማኝ ልነግርሽ አልችልም፤ ስድሳ ዓመት ያለፈኝ ሰውዬ ሌሊቱ አልነጋልህ ይለኛል።

አንቺ መልሱን ታውቂው ይሆናል። መጽሐፍሽ ውስጥ ተጽፎም ይሆናል።

አደራሽን፣ እንዳትጽፊልኝ።

አባትሽ